መደገፊያው ብረት ከሴራሚኩ በፊት ይታሰብ

እኛ የዲዛይን ተማሪዎች ለሳሎን ስንጨነቅ እናድራለን። መታጠቢያ ቤት ጋ ስንደርስ ግን በተረፈችው ጥግ ሽንት ቤት መቀመጫውን፣ ሲንኩንና ሻወሩን ደርድረን «አለቀ» እንላለን። ለአዛውንት ግን ከቤቱ ሁሉ አስቸጋሪዋ ቦታ ያቺው ጥግ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ትልቁን ቁጥር የሚይዙትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

እስቲ አዲስ አበባ ያለ አንድ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ወለሉ ልሙጥ ሴራሚክ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲውና ጀሪካኑ መተላለፊያውን ይይዙታል። ሻወሩ ከመቀመጫው ስላልተለየ አንድ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ወለሉ በሙሉ ርሶ ይቆያል። (ሻካራ ሴራሚክ ለማጽዳት ያስቸግራል ይባላል። ያስቸግር!)

በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ይከፈታል። እማማ ውስጥ ወደቁ እንበል። ሰውነታቸው በሩን ይዘጋዋል፤ ልጃቸው ከውጭ ቢገፋ የሚገፋው እሳቸውኑ ነው። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ፕላን ላይ አንዲት ቅስት መገልበጥ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው የሚል ካለ ተንሸራታች በር አለለት።

ብዙ ሰው «መደገፊያ ብረት እርጅና ሲመጣ ይገጠማል» ይላል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች ክፍልፋዩ አግሮስቶን ነው፤ ያ ጭራሽ ይብሳል። በፊሸርና በብሎን ብቻ የተያዘ ብረት ፎጣ ይችል ይሆናል፤ የሚወድቅ ሰው ሲንጠለጠልበት ግን ተነቅሎ አብሮ ሊወድቅ ይችላል። የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት መደገፊያው 113 ኪሎ ግራም ያህል ጫና እንዲችል፣ ከፍታውም ከወለል ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ብረቱ ምንም ያህል ቢጠነክር ከኋላው ያለው ግድግዳ ካልያዘው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ግንበኛው በዚያ ከፍታ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ረድፍ ብሎኬቶች ቀዳዳቸውን በኮንክሪት ይሙላ። ጥቂት ባሬላ ኮንክሪት ነው። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ ግን ሥራው መስበር ነው፣ ማን ይሰብራል?

ሌላም ምክንያት አለኝ። አያቴን «መጸዳጃው ጋ መያዣ ብረት እናስገጥምልዎት» ብላቸው «ማነው ሽባ ነች ያለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ተብሎ ሲገጠም «ደከሙ» የሚል ማስታወቂያ ይሆናል። እስከዚያው ሲንኩን ተደግፈው ይነሳሉ፤ ሲንኩም በሁለት ብሎን የተንጠለጠለ ነው። ብረቱ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ እዚያው ቢኖር ኖሮ ማንም የበሽተኛ ዕቃ አይለውም ነበር። ነፍሰ ጡርም ትይዘዋለች፣ ኳስ ሲጫወት እግሩን የተሰበረ ጎረምሳም ይይዘዋል።

ባልዲውንም አንርሳ። ውኃ ማጠራቀም እንደማይቀር እያወቅን ለጀሪካን ቦታ አለመሳል ራስን ማታለል ይመስለኛል። ከበሩ አንስቶ እስከ መቀመጫው ያለው መንገድ ነፃ ሆኖ፣ ጀሪካኑ የሚቆምበት ጥግ ፕላኑ ላይ ይታይ።

በሚቀጥለው የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት መምህራኖቻችን ስለ ሳሎኑ ከመጠየቃቸው በፊት «የመታጠቢያ ቤቱ በር ወዴት ነው የሚከፈተው? የትኞቹ ብሎኬቶች ናቸው የሚሞሉት?» ብለው ቢያፋጥጡን ደስ ይለኛል።