ምጣድ አይፈቀድም

ዳምቦያ ቤት ሊከራይ የሄደ መምህር ወይም ነርስ የኪራዩን ዋጋ ሳይሰማ የሚሰማት ቃል አለች፤ «ምጣድ አይፈቀድም!» ለምን ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው። «መብራት ኃይል ነዋ! ኃይሉ ደካማ ነው፣ አይችልም።»

እኔ እንኳን ለመብራት ኃይል ጥብቅና የምቆም ሰው አይደለሁም። የራሱ ኃጢአት ሞልቶ ተርፎታል። የሌላውን ግን አናሸክመው። ደካማው የአከራዩ ሽቦ ነው።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ አዳዲሶቹን ቤቶች እዩዋቸው። ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ነፍሱን አስይዞ በላከው ገንዘብ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም ሆኗል። ያምርባቸው! ከጓሮ ደግሞ የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል። ከቆጣሪው ወደ ጓሮ የሚሄደው መስመር ግን ብዙ ግቢ ውስጥ ያው ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ነው። ሴራሚኩን እንግዳ ያየዋል፤ ሽቦውን ማን ያየዋል?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ተከራዮች አብረው ቢጥዱ ወደ 30 አምፔር ይጠጋል። በቱቦ ውስጥ ያለፈ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ደግሞ የሚችለው 24 አምፔር ገደማ ነው። ርቀቱም አለ። ጓሮው ከቆጣሪው 40 ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻው 80 ሜትር ነውና 17 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። አምፖሉ የሚፈዝዘው፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም የሚባለው ለዚህ ነው። የቀረው ቮልት ደግሞ ጠፍቶ አይጠፋም፤ 500 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ግድግዳውና ኮርኒሱ ውስጥ ሽቦውን ያግላል። በናስትሮ የተጠቀለለ ልል መገጣጠሚያ ካለማ አይጣል ነው።

ይኼኔ ብሬከሩ ይወድቃል። ባለሙያ ተብዬው ይጠራና ባለ 20ውን ነቅሎ ባለ 40 ይሰካል። «ተስተካከለ!» ምኑ ነው የተስተካከለው? ብሬከር የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል እኮ ነው። ሌባ ባየ ቁጥር የሚጮኸውን ውሻ ገድሎ እፎይ ብሎ መተኛት ማለት ይኼ ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። በየወሩ ትንሽ ብር ከተጨመረ ያ የተከለከለ ምጣድ ይፈቀዳል! በዚያው ሽቦ! ብሩ አከራዩ ኪስ ይገባል፣ እሳቱ ተከራዩ ራስጌ ያድራል።

መዳብ ውድ ነው ይሉኛል። ነው እንጂ! ግን ከቆጣሪው እስከ ጓሮው ብሬከር ሳጥን ባለ 10 ሽቦ ቢዘረጋ፣ በዚያው 40 ሜትር የሚጠፋው 5 ቮልት አይሞላም። ከሳጥኑ ለየክፍሉ የራሱ ብሬከር፣ ባለ 2.5ቱም ከዚያ ወዲያ ቦታው ነው። ኧርዙ አይረሳ፤ ምጣድ ብረት ነው፣ የምትጋግረውም እጇ እርጥብ ነው። ቆጣሪው ራሱ የማይችል ከሆነ ያን ጊዜ መብራት ኃይል ሄዶ ማመልከት ነው።

የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሕንፃ ኮድ በዚህ አገር ከወጣ፣ በፈረንጆቹ 1995 ነውና፣ 30 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ዳምቦያ የምትመደብ መምህር ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት አከራይህን፣ «ጋሼ፣ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ስንት ነው? ብሬከሩስ?» በላቸው። ከተቆጡ ሌላ ቤት እይ።