ሻጋታው የማን ጥፋት ነው?

ግድግዳው በክረምት ሲሻግት «ቤት መያዝ አያውቁም» ይሉናል። አንቀበልም! ወላጆቻችን የሠሩት ጎጆ ወፍራም የሣር ክዳኑ አየር ስለሚይዝ የቀኑን ሐሩርም የሌሊቱንም ብርድ ይከላከል ነበር። መከላከያ ያልተደረገለት የቤቶን ጣሪያ ግን በበጋ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋብናል፤ በክረምትም የወጡ እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ሻጋታ ያበቅላል። ስናበስል መስኮት መክፈት፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አለማንደድ የእኛ ድርሻ ነው፤ የከሰል መርዝ ሳይታይ ይገድላልና። ግድግዳውን ማልበስ ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው። እስራኤል በ1980 ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ዱድ ሼሜሽን በሕግ ግዴታ አድርጋለች። ለውኃ ሙቀት ሕግ ያወጣ አገር፣ በአሮጌ ቤት ለሚኖሩ ልጆቻችን ሙቀት ሊሰስት ይገባልን? እንግዲህ አንፈር፤ አቤቱታችንን በዕብራይስጥ ጽፈን እናቅርብ፣ ቅጂውንም እንያዝ።