የመኪናችሁን ቴፕ ከማስነቀላችሁ በፊት

ዛሬ ስለ መኪና ቴፕ ነው የማወራችሁ። አስተማሪ ሆኖ ስለ ቴፕ ምን አገባው እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ትፈርዳላችሁ።

ልጄ ውትድርናውን ጨርሶ ሥራ ከያዘ ወዲህ ስጦታ ሊሰጠኝ አሰበ። "አባ፣ ይቺ መኪናህ እኮ አረጀች። ቴፑን አስነቅለን በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን እናስገባላት። ዌይዙን በደንብ ታያለህ፣ ስልክ ሳትይዝ ትነጋገራለህ፣ ኋላህንም በካሜራ ታያለህ" አለኝ። ልጅ ሲሰጥ እምቢ አይባልም። ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ሰጠሁት፤ ማታ ሮቫ ሄ ቤታችን በር ላይ አቁሞ ጠራኝ።

እውነቱን ልናገር፣ አምራለች። ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ከኋላ ያለው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። በእኛ ሰፈር ማታ ማቆሚያ የፈለገ ሰው ያውቀዋል፤ በሁለት መኪና መሀል ለመሸጎጥ ስል አንገቴን ስጠመዝዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕፃናትም ከመኪና ኋላ ይሯሯጣሉ። ለካሜራው ብቻ ብዬ ልጄን መረቅሁት።

ከዚያ የሬካን የአማርኛ ስርጭት ልስማ ብዬ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ሽሽሽ… ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። በአሮጌው ቴፕ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረ ነው! ልጄ "አባ፣ ዛሬ ሬዲዮ ማን ይሰማል?" አለ። እኔ እሰማለሁ፤ እናንተም ትሰማላችሁ።

እሑድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ቁልፉን ባዞር መኪናዋ ጭጭ። ዓርብ ከሰዓት አቁሜያት ሰንበትን ስትውል ባትሪዋ አልቋል። ጎረቤቴ ከራሱ ባትሪ በገመድ አገናኝቶ ሲያስነሣልኝ፣ እኔ ቆሜ ያንን አዲስ ስክሪን እያየሁ ሳለ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ። ካሴቷ! ካሴቷ እኮ የተነቀለው ቴፕ ሆድ ውስጥ ናት።

የካሴቷን ነገር ላስረዳችሁ። ታላቅ ወንድሜ በ1984 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ መጣ፤ እኛ አምቦበር ቀረን። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1973 ያቋረጡትን ግንኙነት እስከ 1989 አልመለሱትም ነበርና መልእክት የሚሄደው በሰው እጅ፣ ዞሮ ዞሮ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ይጽፉለት ነበር። እናቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ከጎንደር ዘመድ ቤት ቴፕ ተውሰን አንዱን ጎን ሙሉ እሷ ተናገረችበት። እኛ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጣን። እናታችን ካረፈች በኋላ ወንድሜ ካሴቷን ለእኔ ሰጠኝ። ቤታችን ውስጥ ካሴት የሚያጫውት ነገር ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረው የመኪናው ቴፕ ብቻ ነበር። ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጥቂት እሰማትና እዚያው እተዋታለሁ። ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስክሪኑን ወደ ገጠመው ሰው በረርን። የተነቀሉ ቴፖች በካርቶን ተቆልለው ለመጣል ይጠብቃሉ። የእኛ ከታች ተገኘ። ካሴቷ ግን አትወጣም፤ እንዲህ ያለው ቴፕ ካሴት የሚተፋው በሞተር ስለሆነ ያለ ኤሌክትሪክ አፉን አይከፍትም። ሰውዬው ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲያገናኘው ጉርጉር ብሎ ተፋት። ክሯ ትንሽ ተጎትቶ ነበር፤ በእስክሪብቶ አጠነጠንኳት። ከእናንተ መሀል ይህን ያላደረገ ማን አለ?

ያን ቀን ሽቦዎቹን እያየሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ወደ ስክሪኑ የሚገቡ ሁለት የኃይል ሽቦዎች አሉ። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ያገኛል፤ ሰዓቱንና ያስቀመጥናቸውን ጣቢያዎች እንዳይረሳ ነው። ቀዩ ኃይል ማግኘት ያለበት ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው። ገጣሚው ቸኩሎ ሁለቱንም ሁልጊዜ ኃይል ካለው ሽቦ ጋር አስሯቸው ነበር። ስክሪኑ ጠፍቶ ቢመስልም ውስጡ አይተኛም፤ ባትሪውን ሲመጥ ያድራል። በየቀኑ የሚነዳ ሰው ላያስተውለው ይችላል። እኛ ግን ሰንበትን መኪና የምናቆም ሰዎች፣ በዓልና ሰንበት ሲገጣጠም ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን የምናቆም፣ እንመታለን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "ቀዩ ሽቦ ቁልፉ ሲወጣ ይጠፋል ወይ?" ብላችሁ አስለኩት።

የሬዲዮውም ነገር ተአምር አይደለም። በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና ማጉያ አለው፤ ማጉያው ደግሞ ኃይል የሚያገኘው ከቴፑ ነው። አዲሱ ስክሪን ይህን ኃይል እንዲልክ በሽቦ ወይም በትንሽ መሰኪያ ካልተገናኘ አንቴናው እንደ ደነቆረ ይቀራል። ሰውዬው አገናኘው፤ ሬካም ተመለሰ። ገጣሚዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሙዚቃውን ከስልክ አስጩኸው "ይሠራል" ብለው ይሸኟችኋል። እናንተ ሬዲዮውን እዚያው አስከፍቱ።

ሽቦ ቆርጦ የሚያስር ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ውጡ። ለየመኪናው ዓይነት የተሠራ መሰኪያ አለ፤ በእሱ ከተገጠመ ነገ አሮጌውን መመለስ ይቻላል። መሪው ላይ ያሉት የድምፅ ቁልፎች እንዲሠሩም ተጨማሪ ዕቃ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዋጋው ውስጥ ይኑር። አሮጌውን ተቀብላችሁ ወደ ቤት ውሰዱት። ብዙዎቹ ከባትሪ ከተለዩ በኋላ ኮድ ስለሚጠይቁ ወረቀቱን አትጣሉ። የሊሲንግ መኪና ከሆነ ግን የእናንተ አይደለምና ባትነኩት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ሹፌሮችን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ ሬዲዮ መቀየርን የመሳሰሉ አራት ሥራዎች አሠርቷቸው ነበር። በ2005 በተሠራ፣ ተራ ቁልፎች ባሉት መኪና 10 ሰከንድ በቃቸው። ብዙውን ነገር በስክሪን ከሚያሠሩ አዳዲሶች በአንዱ ከ40 ሰከንድ በላይ ፈጀ፤ ያን ያህል ጊዜ የሹፌሩ ዓይንና ሐሳብ በመንገዱና በስክሪኑ መሀል ይከፈላል ማለት ነው። ስለዚህ ድምፁ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለውን ምረጡ። ጣት ሳያይ የሚያገኘው ነገር፣ በእኛ ዕድሜ፣ ዋጋ አለው።

ካሴቷን ልጄ ራሱ ገለበጣት። ካሴት ማጫወቻ ተውሶ አመጣና በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ይህ እንደ ስልክ ፎቶ በቅጽበት የሚተላለፍ አይደለም፤ የግማሽ ሰዓት ድምፅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ሙሉውን ሰማ። አያቱን በድምፅ የሰማት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ቴፕ እንዴት እንደሚሠራ አልገባትም ነበርና "ደህና ነህ ወይ ልጄ?" ትልና ዝም ትላለች፤ መልሱን ትጠብቃለች። ቆይታ ደግሞ "ብርዱ እንዴት ነው?" ትላለች፤ እንደገና ዝም።

ልጄ መጀመሪያ ክሩ የተበላሸ መስሎት ነበር። ስነግረው ገባው። ከዚያ "አባ፣ ባዶ ባዶውን ቆርጬ ላውጣው? ፋይሉ ያጥራል" አለኝ።

አይነካ አልኩት። አሁን በትንሽ ፍላሽ ሆና ስክሪኑ ላይ ተሰክታለች። ሌላ ቅጂ ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ። ካሴቷና አሮጌው ቴፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው።