ብረቱ ከላይ ነው ወይስ ከታች?



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ሕዝቡ ከኪሱ እያዋጣ የሚያሠራው መስጂድ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። የቀረው ከበሩ በላይ ወደ ውጭ የሚወጣው የአርማታ ጥላ ነው። በደጋው ዝናብ ጫማ የሚያወልቅ ሰው እንዳይበሰብስ ተብሎ የታሰበ፣ 2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል የሚወጣ፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጅ አሸዋ ሳቀብል፣ ውኃ ሳመላልስ ሰነበትኩ። ፌሮው ታስሮ ካሳ ፎርማው ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ስምንት ባለ 10 ብረት፣ አስተሳሰሩ የሚያምር፣ ሁሉም ከታች ተነጥፏል። ሥራውን የሚያስተባብሩት ሐጂ «አንተ ኢንጅነሩ፣ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ነው ሐጂ» አልኩ።

ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስን በጥሩ ውጤት ካለፍኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋፉ ተነሳ። ጥላው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች ጫፉ ላይ ዝቅ ያለ ከለላ ለመሥራት ወጡ፤ ዐሥር ያህል ብሎኬት እዚያው አጠገባቸው ተደረደረ። ጠጠር የሚሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ልጆቹ ዘለው ወረዱ። ጥላው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ ከላይ በኩል አፉን ከፍቶ ቀስ እያለ አንገቱን ደፋ። አልወደቀም፤ በብረቶቹ ተንጠልጥሎ ቀረ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። የዙህር ሰላት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ማን ይኖር እንደነበር እስከ ዛሬ ማሰብ አልፈልግም።

ሽማግሌዎቹ «ቀደር ነው» አሉ። በቀደር አምናለሁ። ብረቱን ከታች ያነጠፉት ግን እጆቻችን ናቸው፤ «ጥሩ ነው» ያለው ደግሞ የእኔ አፍ ነው።

ኢንጅነሪንግ ለማትማሩ እህትና ወንድሞች ነገሩን በድፎ ዳቦ ላስረዳ። ረዘም ያለ ቁራሽ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሌላውን ጫፍ በጣት ወደ ታች ጫኑት። ዳቦው ከየት በኩል ይቀደዳል? ከላይ። ላይኛው ፊቱ እየተሳበ ይረዝማል፣ ታችኛው እየታመቀ ያጥራል። አሁን ያንኑ ቁራሽ በሁለት ብርጭቆዎች ላይ አጋድሙና መሃሉን ጫኑት። አሁን የሚቀደደው ከታች ነው። ዳቦው ያው ነው፣ ጣታችሁም ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙ ብቻ ነው። ኮንክሪት መታመቅን በጣም ይችላል፣ መሳብን ግን ከዚያ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። ብረት የምንጨምርለት ለመሳቡ ነው። ስለዚህ ብረቱ መቀመጥ ያለበት የሚሳበው ፊት በኩል ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ ለተጋደመ ሶሌታ መሃል ላይ ከታች፤ ከግድግዳ ለወጣ ጥላ ወይም በረንዳ ደግሞ ከላይ። ሠራተኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የክፍል ጣራ ሲሠሩ ብረት ከታች ሲያነጥፉ ኖረዋል፤ እዚህም የለመዱትን አደረጉ። እነሱን አልወቅስም። ምክንያቱን ተምሬአለሁ የምለው እኔ ነበርኩ።

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የጥላው የራሱ ክብደት 9 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ 9 ኩንታል በሉት። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚፈጥረው ቤንዲንግ ሞመንት 6.75 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህን ለስፋት ሲባዛ በውፍረት ስኩዌር ሲካፈል በ6 ስናካፍለው፣ ላይኛው ፊት ላይ 1.4 ሜጋ ፓስካል የመሳብ ስትረስ ይወጣል። ጥሩ ሆኖ የተቦካ ሲ-25 ኮንክሪት መሳብን የሚችለው እስከ 2 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው። ድጋፉ ሲነሳ ጥላው የቆመው ለዚህ ነው። ያቆመው ብረቱ ሳይሆን ባዶው ኮንክሪት ነበር፤ እኛ ደግሞ ብረቱ እየሠራ መስሎን ተደሰትን። ሁለቱ ልጆችና ብሎኬቶቹ ጫፍ ላይ ሲጨመሩ፣ ሦስት ኩንታል ያህል፣ ስትረሱ ወደ 2.3 አለፈ። ቀሪውን ነግሬአችኋለሁ።

በጣም ያመመኝ የሚቀጥለው ስሌት ነው። እነዚያው ስምንት ብረቶች ከላይ ቢሆኑ ኖሮ ያንን ሁሉ ጭነት ተሸክመው ይተርፋቸው ነበር። ተጨማሪ ብረት፣ ተጨማሪ ሲሚንቶ፣ ተጨማሪ መዋጮ አያስፈልግም ነበር። የጎደለው ስድስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ ያንን ቀመር ፈተና ላይ በትክክል የጻፍኩ ሰው እንዴት ቆሜ እያየሁ ሳላስተውል ቀረሁ? መልሱን ያገኘሁት መድረሳ የቀራሁበትን ጊዜ ሳስታውስ ነው። ሸይኻችን መጀመሪያ መትኑን በቃል ያስይዙናል። ከዚያ ግን አይለቁንም፤ ሸርሑን ቃል በቃል እየፈቱ፣ «ይህ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣስ?» እያሉ ያፋጥጡናል። መትኑን ብቻ ይዞ «ጨርሻለሁ» የሚል ደረሳ ይሳቅበታል። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ይህን ልማድ በር ላይ ጥለነው የገባን ይመስለኛል። ቀመሩን እንይዛለን፣ የድሮ ፈተና እንሰበስባለን፣ ላብራቶሪ ላይ አንድ ቡድን ብረቱን ስቦ የለካውን ሌሎቻችን ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እያዛባን እንገለብጣለን። ይህን ያላደረገ ካለ አፉ ይባለኝ፤ እኔ አድርጌአለሁ። መትን ያለ ሸርሕ ማለት ይኸው ነው። ፈተና ያሳልፋል፣ መስጂድ በር ላይ ግን አያስተውልም።

ሸርሑ ደግሞ ሩቅ አይደለም። አያቴ ሸማኔ ነበሩ። የጎንደርን ታሪክ ያነበበ እንደሚያውቀው፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሙ ተለይቶ እንዲሰፍር ከተወሰነ በኋላም ቢሆን፣ ከተማዋ ያለ ሙስሊሙ ነጋዴና ያለ ሙስሊሙ ሸማኔ አልኖረችም። አያቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጡም ድርና ማግን አያምታቱም ነበር። ድሩ ሸማው እስኪያልቅ ተወጥሮ የሚሳብ ስለሆነ ጠብቆ የተፈተለ ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ ማጉ በመካከል የሚመላለስ ስለሆነ ላላ ያለና ለስላሳ ቢሆን ችግር የለውም። ማጉን ድር ያደረገ ሰው ገና ጋቢው ሳይጋመስ ክሩ ይበጠስበታል። እኛ ቴንሽን እያልን በእንግሊዝኛ የምንሸመድደውን እሳቸው በእግራቸውና በጣታቸው ያውቁት ነበር።

ከግቢ ወጥታችሁ ፋሲል ግቢም ሂዱ። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ግቢ አብዛኞቻችን ፎቶ ለመነሳት ብቻ ነው የምንገባው። የዚያ ዘመን ግንበኞች ድንጋይና ኖራ እንጂ ፌሮ አልነበራቸውም። ድንጋይ መሳብን እንደማይችል ስላወቁ፣ በሩንና መስኮቱን በቅስት ዘጉት። ቅስት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ይገፋል፣ ግፊያው እየወረደ ወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ የሚሳብ ድንጋይ የለም። መሳብ በማይቀርበት፣ ወለል በሚጋደምበት ቦታ ደግሞ እንጨት አስገቡ። በአንድ ሕንፃ ላይ የትኛው ይታመቃል፣ የትኛው ይሳባል የሚለውን ጥያቄ ድንጋይ በድንጋይ መልሰውታል።

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጠኝ ጎንደርንና ጎጃምን የሚያገናኘው፣ ዐባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በጣሊያን ጊዜ አንዱ ቅስት ከፈረሰ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። በአንድ ቦታ፣ በግራና በቀኝ በመታመቅ ብቻ የቆመ ድንጋይ፤ መሃሉ ላይ በመሳብ ብቻ የሚሠራ ገመድና ነፍሱን አደራ የሰጠው ሰው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍተቱን በብረት አገናኘው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በኬብል የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። ድንጋይ፣ ገመድ፣ ብረት፣ ኬብል፤ የአንድ ሴሚስተር ኮርስ እዚያ ገደል ላይ ተዘርግቷል።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በጀመዓችን ውስጥ የሲቪል ኢንጅነሪንግ ተማሪዎች ቁጥራችን ጥቂት አይደለም። በየሀገራችን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ አዋጥቶ የሚሠራቸው መስጂዶችና መድረሳዎች አሉ። ለሚናራ፣ ለቀለም፣ ለምንጣፍ ስናሰባስብ እንተጋለን፤ «ፕላኑን ማን አየው?» ብለን ስንጠይቅ ግን አልሰማሁም። ከሦስተኛ ዓመት በላይ ያለን ተማሪዎች ቡድን ብንመሠርት፣ ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሄደን ብናይ፣ የተጠራጠርነውን ፎቶ አንስተን ፈቃድ ላላቸው ኢንጅነሮች ብናሳይ ምን ያግደናል?

አንድ ጓደኛዬ «ገና ተማሪ ነን፣ ተሳስተን ብናሳስትስ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ቡድኑ እንዲፈርም ወይም እንዲወስን የማልፈልገው። ሥራው መጠየቅ ነው። ብረቱ ለምን እዚህ ሆነ? ድጋፉ መቼ ይነሳል? ፕላን አለ? ሌላው «ሽማግሌዎቹ ይቀየሙናል፤ ትናንት የተወለዱ ልጆች ይሉናል» አለ። ሊሉን ይችላሉ። እኔ ግን ሐጂ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁኝ «አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅልዎ» ብል ኖሮ ማንም አይቀየመኝም ነበር። የከፋው መልስ የሰጠሁት ነው። አላውቅም ማለትን በመድረሳ ከትልልቅ ዑለማዎች ታሪክ ተምረናል፤ ዶርም ውስጥ ግን የሚያሳፍር ነገር ሆኖብናል።

በሴሚስተሩ እረፍት ተመልሼ ሄድኩና ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «ጥሩ ነው» ያልኩት ሳላስተውል እንደነበርም ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ አሁን ታውቃለህ?» አሉ። «አሁን አንድ የሚያውቅ ኢንጅነር አሳይቻለሁ» አልኳቸው። አሮጌው ጥላ ፈርሶ እንደገና ታሰረ። ይህን ጊዜ ብረቱ ከላይ ሆኖ፣ ጫፉ ወደ ውስጠኛው ቢም በደንብ ዘልቆ እንዲገባ ተደረገ። ከሥሩ ደግሞ ከፍ የሚያደርጉት የብረት ወንበሮች ቆሙለት። ለታችኛው ብረት የምንጠቀምበት ተራው ኮፕሪፌሮ እዚህ አይበቃም። ሰዎች ያልነገሩኝን አንድ ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ኮንክሪት ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መርገጥ የሚፈልገው ብረቱን ነው። አንዴ በደንብ ከተረገጠ ከላይ የታሰረው ተመልሶ ከታች ይሆናል። ጣውላ አነጠፍንበት፤ እኔ ሥራዬ ሌላ አልነበረም፣ ኮንክሪቱ ተሞልቶ እስኪያልቅ ቆሜ «በጣውላው፣ በጣውላው» ማለት ብቻ።

ይህን ስጽፍ ዐሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሐጂ በየማታው ከዒሻ በኋላ ይደውላሉ፤ ውኃ መጠጣቱን ይነግሩኝና «ድጋፉ ይነሳ?» ይላሉ። «ገና ነው ሐጂ» እላቸዋለሁ።