የጨው ጥራት ከመጫኑ በፊት ይረጋገጥ

የአንድ ምርት ዋጋ የሚለካው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን ለሰፊው ተጠቃሚ በሚሰጠው ጥቅም ጭምር መሆኑ አያጠያይቅም። ጎደሎ ምርት ክምሩ ተራራ ቢያክል እንኳ የሠራተኛው ላብ ውጤት ሳይሆን የላቡ ብክነት ነው። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሸቀጦች አንዱ ከማንም ቤት የማይጠፋው ጨው ነው።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በግንደወይን ገበያ የዋለ ሸማች ጤፍ ሲገዛ በመዳፉ ዘግኖ አሸዋ እንዳለው ይመረምራል። ቅቤውን ያሸታል፤ የበርበሬውንም ቀለም ያያል። በጨው ውስጥ መኖር የሚገባው አዮዲን ግን በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ በምላስም አይለይም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው የአበው ተረት ለጣዕሙ እንጂ ለአዮዲኑ አይሠራም፤ ጣፍጦም ጎደሎ የሆነ ጨው አለና።

የጉዳዩ ክብደት ቀላል አይደለም። ጎርፍ ለዘመናት ባጠበው የደጋ አፈር ላይ የበቀለ እህል በአዮዲን ደሃ ነው። አንድ ዐዋቂ በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሲጓደል በአንገት ላይ እንቅርት ይወጣል። ከእንቅርቱ የሚብሰው ግን የማይታየው ጉዳት ነው፤ ጽንስ ሊጨነግፍ፣ የሚወለደውም ሕፃን አእምሮው በሚገባ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ትምህርት ቤት ገብቶ ወደኋላ የቀረው ልጅ «ሰነፍ» እየተባለ ሲወቀስ፣ ጥፋቱ ከመወለዱ በፊት እናቱ በበላችው ጨው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

ስዊዘርላንድ ይህንኑ ችግር ለመከላከል አዮዲንን ከጨው ጋር መቀላቀል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነበር። በአገራችን በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ ከዚያ ይመጣ የነበረው ጨው ተቋረጠ። ገበያውንም አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው ሞላው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ያህል ቤቶች ውስጥ ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን ከመቶ 89 ያህል ደረሰ። ይህ ታላቅ እመርታ ነው።

ሆኖም በዚህ አኀዝ መዘናጋት ስሕተት ይሆናል። ምክንያቱም በየቤቱ የተደረገው ምርመራ አዮዲን መኖር አለመኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። በጨው ላይ ጠብ የምትደረገው መመርመሪያ ፈሳሽ ቀለም ስትለውጥ «አለ» ትላለች፤ «ይበቃል» ግን አትልም። ጨው ለቤተሰቡ የሚበቃው በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ይዞ ከማዕድ ሲደርስ ነው። ክምሩ ላዩን ብቻ ተረጭቶ በሚገባ ካልተደባለቀ አንዱ ጆንያ ሲበዛበት ሌላው ባዶውን ይቀራል። በመንገድ ላይ ሙቀትና እርጥበት፣ በገበያ ላይ ፀሐይ የቀረውን ይቀንሱታል። ከማምረቻው ጎድሎ የወጣ ጨው ግንደወይን ሲደርስ እንደማይሞላ ግልጽ ነው።

ስለሆነም የቁጥጥሩ ትክክለኛ ስፍራ ገበያው ሳይሆን የማምረቻው መጋዘን ነው። ይኸውም ከእያንዳንዱ ዙር ምርት ከተለያዩ ጆንያዎች ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ መጠኑን መለካት፣ ውጤቱን ከምርት ቁጥሩ ጋር መመዝገብ፣ የጎደለውንም ሳይጫን መልሶ መቀላቀል ማለት ነው። «መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ ጊዜ ይባክናል» የሚል ሰበብ ይሰማል። ነገር ግን አንድ መኪና ለሰዓታት ቢዘገይ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የተጓደለ ጨው ተጭኖ፣ ተሸጦ፣ ከተበላ በኋላ ግን የሕፃን አእምሮ ተመልሶ አይሠራም።

በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ኃላፊነት የአምራቹና የሠራተኛው ነው። ናሙና የሚወስደው ሠራተኛ የማያውቃቸው እናቶች ዘብ መሆኑን ይገንዘብ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የክልል ተቆጣጣሪዎች ቁጥጥር ከወረቀት አልፎ መጋዘን ድረስ መዝለቅ ይኖርበታል። የሸማቾች ማኅበራትም የአምራቹ ስምና የምርት ቁጥር የሌለበትን ጨው ባለመረከብ፣ የተረከቡትንም ከፀሐይና ከእርጥበት በመጠበቅ ድርሻቸውን ይወጡ። በየቤቱም ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር የተገኘውን አዮዲን ከብክነት ያድናል።

የግንደወይን እናት ጨዉን የምትመረምርበት ቤተ ሙከራ የላትም። ልትገዛ የምትችለው አምና ነው። ያ እምነት የሚጠበቀው ወይም የሚከዳው ጆንያው ከመሰፋቱ በፊት ነውና፣ ያልተለካ ጨው አይጫን!