የሠርግ ቤት ጉርሻ፤ ማን ይስጥ? መቼስ ይስጥ?

በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት በወላይታ ሶዶ ከተማ ከሚሞቁት ገበያዎች አንዱ የሠርግ ገበያ ነው። የድንኳንና የወንበር አከራዩ፣ የበሬ ነጋዴው፣ የቢራና የለስላሳ አከፋፋዩ፣ የቪዲዮ ባለሙያው ሁሉም ዋጋውን አስቀድሞ ተናግሮ፣ ቀብድ ተቀብሎ ነው ሥራ የሚጀምረው። በዚህ ሁሉ መካከል ሒሳቡ በግማሽ ብቻ የሚነገረው አንድ ሰው አለ። እርሱም ከመጠጥ ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ቢራ የሚከፍተው፣ ውስኪ የሚለካው፣ ባዶ ጠርሙስ የሚሰበስበው አስተናጋጅ ነው። የቀን አበሉ በስልክ ይነገረዋል፤ የቀረው «ጉርሻህን ከእንግዳው ታገኛለህ» ተብሎ ይታለፋል።

ይህች አነጋገር ለደጋሹ ወጪ ቆጣቢ ትመስላለች። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሲሠራ ግን ደጋሹን የምታስከፍለው እርሷው ነች።

በመጠጥ ቤት እንግዳው የጠርሙሱን ዋጋ ለባለቤቱ ይከፍላል፤ ጉርሻውን ለአስተናጋጁ ይሰጣል። ሁለቱ ገንዘቦች አይገናኙም። በሠርግ ቤት የጠርሙሱን ዋጋ ቀድሞ የከፈለው ደጋሹ ነው። እንግዲህ ገና ምሽቱ ሳይጀመር አንዱ እንግዳ አስተናጋጁን ጠርቶ፣ ባለ 200 ብር ኖት አስጨብጦ «ወንድሜ፣ ከዚህ ጠረጴዛ እንዳትጠፋ» ሲል ምን እየገዛ ነው? መስተንግዶ እየገዛ አይደለም። የደጋሹን ውስኪ በ200 ብር እየገዛ ነው፤ ገንዘቡ ግን ለደጋሹ አይደርስም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጠርሙስ ሲደረደር፣ ከቦሎሶ ወይም ከሁምቦ መንገድ ቆርጠው የመጡት የሙሽሪት አጎት ባዶ ብርጭቆ ይዘው ይቀመጣሉ። በማግስቱ በዘመድ መካከል የሚነሳው ቅሬታ ደግሞ በአስተናጋጁ ላይ አይደለም፤ በደጋሹ ላይ ነው።

የኢኮኖሚ ትምህርት ይህን የባለቤትና የወኪል ችግር ይለዋል። ንብረቱ የአንዱ፣ እጁ የሌላው ሲሆን፣ ወኪሉ ለሚከፍለው ሰው ያደላል። አስተናጋጁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደጋሹ የከፈለው አበል ቁርጥ ነው፤ በደንብ ቢሠራም ባይሠራም አይጨምርም አይቀንስም። እንግዳው ግን በጠርሙስ ይከፍላል።

ለሒሳብ ያህል አንድ መካከለኛ ሠርግ ይወሰድ። 400 እንግዳ በነፍስ ወከፍ ሦስት ጠርሙስ ቢጠጣ 1200 ጠርሙስ ይሆናል፤ በ24 ሲካፈል 50 ሳጥን ማለት ነው። (ቁርጥ በዳጣ የበላ እንግዳ ሦስት ላይ ይቆማል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው።) ከዚህ ውስጥ ከመቶ አምስቱ ብቻ ያለአግባብ ቢከፈት፣ ግማሹ ተጠጥቶ ቢተው ወይም በጓሮ በር ቢወጣ 60 ጠርሙስ ይጎድላል። ጠርሙሱ በ60 ብር ቢታሰብ ብር 3600 ነው፤ ያልተመለሰው የባዶ ጠርሙስ መያዣ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጣል። በአንጻሩ መጠጥ ጠረጴዛውን ለያዙ አራት ሰዎች ደጋሹ ራሱ ብር 500 ጉርሻ ቢመድብላቸው ወጪው ብር 2000 ነው። ነጋዴ ለሆነ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሱቁን ለሚጠብቅለት ልጅ በዓመት በዓል የሚያስበው ለዚሁ ነውና።

ነገሩ እንዲህ የተወሳሰበው ልማዱና ገበያው ስላልተገናኙ ነው። ቀድሞ በሠርግ ቤት የሚያስተናግደው የሰፈር ወጣት፣ የዕድር ልጅና ዘመድ ነበር። አሳላፊ ይባላል። ጠጅ አሳላፊ በትልልቆቹ ቤቶች የታወቀ ሹመት ነበር፤ የሚቀዳውን በመዳፉ ቀምሶ ያቀርብ የነበረውም መጠጡ እንደማይጎዳ በራሱ ሕይወት ለመመስከር ነው። ለሰፈር አሳላፊ ገንዘብ መስጠት ነውር ነበር። ብድሩ የሚመለሰው በገንዘብ ሳይሆን እርሱ ሲያገባ ሌላው በማሳለፉ ነው። ዛሬ ሶዶ ሰፍታለች። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ከመሆኗም በላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ጎረቤቱ ቢሮ ውሎ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ አሳላፊው ደግሞ በቀን አበል የተቀጠረ ወጣት ነው። ለዚህ ሰው «ስታገባ እናሳልፍልሃለን» ማለት አይቻልም።

የሚገርመው ገንዘቡ በሠርጉ ቤት መኖሩ ነው። ዘፋኙ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ሲቆጠር የአንድ አስተናጋጅ የወር ገቢ የሚያህልበት ጊዜ አለ። የሚለጥፈው ሰው በካሜራ ይታያል፤ ለአሳላፊው የሚሰጥ ግን አይታይም። የጉርሻ ገበያም እንደሌላው ገበያ ማስታወቂያ ይወዳል።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚለው አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥረውም። በመሆኑም «ጉርሻ ታገኛለህ» ብሎ አበሉን መቀነስ ደመወዝ ያልሆነውን በደመወዝ ቦታ መተካት ነው። አዋጁ ለግሉ ዘርፍ በቁጥር የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አላስቀመጠምና የአንድ ሌሊት ሥራ ዋጋ የሚወሰነው በድርድር ብቻ ነው። በአሜሪካ የተለየ ነው። በዚያ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ጉርሻው ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ ጉድለቱን አሠሪው ይሞላል። የሶዶው አሳላፊ የሚሞላለት የለም። እዚያም ቢሆን መጠጡ በደጋሹ የተከፈለበት ሠርግ ላይ ለባሬስታው የሚያስበው በአብዛኛው ደጋሹ ነው፤ እንግዳው ኪሱን እንዲፈትሽ ሳህን ማስቀመጥን ብዙዎች አይወዱትም።

እርግጥ ሠርግ ሁሉ አንድ አይደለም። በሆቴል አዳራሽ የሚደገስ ከሆነ ደጋሹ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ውሉን ያንብብ። ከ15 ከመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከተጻፈ፣ ገንዘቡ ለአስተናጋጆቹ የሚደርስ መሆኑን መጠየቅ መብቱ ነው። የሚደርስ ከሆነ ሌላ ጉርሻ በውዴታ እንጂ በግዴታ አይደለም። ብዙ የወላይታ ሠርግ ደግሞ በወንጌላውያን አማኞች ቤት የሚደገስ በመሆኑ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ለስላሳና ውኃ ነው። የሚያሳልፉት የመዘምራን ወጣቶች ከሆኑ ለእነርሱ ብር ማስጨበጥ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜው ማብላትና በመድረክ ማመስገን ይበቃል። ነገር ግን ለስላሳ ነው ተብሎ የተቀጠረውን ሠራተኛ መርሳት ስሕተት ነው። የሚራኒዳው ሳጥን ከቢራው ሳጥን አይቀልም።

ዋናው ጣጣ ያለው በድንኳኑ ሠርግ ነው። እዚያ የሚሻለው አሠራር ጉርሻውን ከበሬው፣ ከቅቤውና ከመጠጡ ጋር በዝርዝሩ ውስጥ አስቀድሞ መያዝ ነው። የወላይታ ሰው ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር እያዋጣ የሚያስቀምጥ፣ ድግስን በዕቅድ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። መጠኑ ለአሳላፊዎቹ ሥራ ሳይጀመር ይነገራቸው። የሚሰጠው ግን መጨረሻ ላይ፣ ባዶ ጠርሙሱ ተቆጥሮ ሳጥኑ ከተመለሰ በኋላ፣ በአንድ ሚዜ እጅ ይሁን። በአደጋ የተሰበረ ብርጭቆ ከዚህ ላይ አይቀነስ፤ 400 ሰው በዋለበት ቤት ብርጭቆ ይሰበራል። ከጓሮ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ሰሃንና ብርጭቆ የሚያጥቡት ሴቶችም በድርሻው ይግቡ። እነርሱን እንግዳ አያያቸውምና ከእንግዳ ጉርሻ መቼም አይደርሳቸውም።

እንግዳውስ? ልቡ ከፈቀደ ሲነሳ ይስጥ፤ ሲቀመጥ አይስጥ። ሲነሳ የተሰጠ ብር ምስጋና ነው፤ ሲቀመጥ የተሰጠ ዋጋ ነው። ጥሬ ብር ካልያዘ ቴሌብር አለ፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ምክንያት ጉልበቱ ደክሟል። ሆኖም ወደ አንዱ ልጅ ስልክ የገባ ገንዘብ ለሌሎቹ መድረሱን የሚያይ ስለሌለ፣ በርከት ያለ ከሆነ ለሚዜው ነግሮ መላኩ ይመረጣል።

የቀረው የደላላው ጉዳይ ነው። አስተናጋጆቹን አሰባስቦ የሚያመጣው ሰው ኮሚሽኑን ከአበሉ ላይ አስቀድሞ ይወስዳል። ይህ ሥራው ነው፤ ስልኩን ደውሏል፣ ሰዉን አቅርቧል። በሌሊቱ ግን አልቆመም። አንዳንዱ ደጋሽ ለመገላገል ሲል አበሉንም ጉርሻውንም በአንድ ፖስታ አድርጎ ለደላላው ይሰጣል። ፖስታው ከሠርጉ ቤት ወደ አስተናጋጁ ሲሄድ መሳሳቱ የተለመደ ነው። ደላላው ራሱ ስሙ እንዲጠበቅ ከፈለገ ለደጋሹ አስቀድሞ «ጉርሻውን ለልጆቹ በእጃቸው ስጥልኝ» ቢለው ይሻለዋል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ጥሩ አሳላፊ ሲፈልግ ስልኩን የሚያነሱለት እነዚያው ልጆች ናቸው።