ሽቦው ለማን ተዘረጋ? ዋጋውንስ ማን ቆረጠው?

የላጋ፣ እስቲ አንድ ዓመት ያዙልኝ፤ እ.ኤ.አ. 1894። ኢትዮ ቴሌኮም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህ ዓመት ነው። የካዎ ጦና ወላይታ በምኒልክ ጦር የወደቀችውም በዚሁ ዓመት መጨረሻ ነው። አንዱ በድምቀት ይከበራል፤ ሌላውን እኛ ከአያቶቻችን አፍ ነው የሰማነው። አገር ማቅናት በሉት፣ ወረራ በሉት፣ ዛሬ በስሙ አልከራከርም። የዛሬ ጉዳዬ ሽቦው ነው። ስለ ዳታ ዋጋ የምናማርር ሁሉ ይሄ ነገር ከየት እንደጀመረ ማወቅ አለብን።

የመጀመሪያው ረጅም መስመር ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣሊያኖች ከቅኝ ግዛታቸው ከአስመራ ተነስተው እስከ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ መስመር ዘረጉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904። አድዋ ላይ ከተሸነፉ ገና ስድስት ዓመታቸው ነበር ሥራውን ሲጀምሩ። በጦር ያልደረሱበት ቤተ መንግሥት ደጅ በሽቦ ደረሱ ማለት ነው። በሽቦው የሚያወራው ማን ነበር? ቤተ መንግሥቱ፣ የየአውራጃው ገዢ፣ ጉምሩኩ፣ የውጭ ቆንስላው፣ ትልቁ ነጋዴ። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ የግብር ወሬ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ገባሩ የሚወራበት እንጂ የሚያወራ አልነበረም።

ገባሩን ከሽቦው ያራቀው ደግሞ ዘበኛ ብቻ አይደለም። ዋጋ ነው።

ዛሬ «ቴሌግራም» ስንባል ትዝ የሚለን አፑ ነው። የድሮው ቴሌግራም የሚከፈለው በቃል ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 የአትላንቲክ ኬብል ሥራ ሲጀምር ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ 20 ቃል ለመላክ 20 ፓውንድ ይጠየቅ ነበር። ነጋዴዎቹ መላ ዘየዱ፤ አንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲወክል የኮድ መጽሐፍ አሳተሙ። የኛስ መላ? ሚስኮል። አንዴ ከጠራ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከጠራ «ደውሉልኝ»። አዲስ አበባ ሎተሪ የሚያዞር፣ ጫማ የሚጠርግ ስንት የወላይታ ልጅ ነው ሁምቦ ወይ ኪንዶ ያለች እናቱን እንዲህ እያደረገ ሲያወራ የኖረው? ሀብታሙ ኮድ የሚሠራው ወጪ ለመቀነስ ነው። ድሃው ግን ከነጭራሹ ዝም እንዳይል ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። ያ ዋጋ የወረደው እንዴት ነው?

ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ አንድ ቃል ለመላክ ለረጅም ጊዜ 9 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ይከፈል ነበር። የአንድ እንግሊዛዊ የቀን ሠራተኛ የቀን ገቢ ይህን አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ 4 ሽልንግ ወረደ። ኩባንያው አዝኖላቸው አይደለም። የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛት መንግሥታት ቁጭ ብለው ተደራደሩ፤ «ዋጋውን ቀንስ፣ ኪሳራ ከመጣ ግማሹን እኛ እንሸፍናለን» አሉት። ቀጥሎ መንግሥታቱ ራሳቸው በፓስፊክ በኩል ሌላ ኬብል አስዘረጉ። መስመሩ በ1902 ሲጠናቀቅ ዋጋው 3 ሽልንግ ደረሰ። እነዚህ ግን የራሳቸው ፓርላማ የነበራቸው ነጭ ሰፋሪዎች ናቸው። ሽቦው በአገሩ የሚያልፍበት፣ ግን ወንበር ያልተሰጠው ጥቁር ሕዝብ ማንም «ስንት ይሁን?» ብሎ አልጠየቀውም። ወንበር ያለው ይደራደራል፤ ወንበር የሌለው የተቆረጠለትን ይከፍላል።

ይሄ የሩቅ ወሬ የሚመስለው ካለ የራሳችንን ይመልከት። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ ደግሞ 40 በመቶ ቀነሰ። በዚያች ሌሊት አዲስ ታወር አልተተከለም፣ አዲስ ኬብል አልተቀበረም። ሳፋሪኮም እንኳን አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? ውሳኔ። ዋጋ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቆርጠው ነው።

«ኩባንያው ዕቃ የሚገዛው በዶላር ነው፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ይጠጣል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ። ግን አውስትራሊያዎቹም ኬብል በነጻ ይዘርጋልን አላሉም። ሸክሙን ማን ይሸከም የሚለውን ነው የተደራደሩት። እዚህ ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ ነው? ተመርቆ ቤት በተቀመጠው ላይ። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው በቴሌግራም ነው። ምዝገባው በኦንላይን ነው። ዲግሪህን ስካን አድርገህ የምትልከው በዳታ ነው። ደሞዝ የሌለው ሰው ደሞዝ ለመፈለግ በየቀኑ ይከፍላል።

ዋጋ ብቻም አይደለም። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ አይተናል። ሽቦውን የያዘ፣ ማን መቼ እንደሚያወራም ይይዛል። በ1991 ዓ.ም. የወጋጎዳ መጽሐፍ ሲመጣብን ሶዶ ላይ ሞባይል የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን በእግሩ ወጥቶ፣ ሕይወት ከፍሎ ቋንቋውን አስከብሯል። ያንን ያደረገ ሕዝብ ልጅ «ዳታ ተወደደ» ብሎ አልቅሶ ብቻ ሊተኛ አይገባም።

ስለዚህ ጥያቄያችን በጨዋ ደንብ፣ በጽሑፍ፣ ለዞኑም ለክልሉም ይግባ።

አንደኛ፣ በዞናችን ኔትወርክ የሌላቸው ቀበሌዎች ዝርዝር ይፋ ይሁን፤ መቼ እንደሚገባላቸውም ቀን ይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ ዞኑና ዩኒቨርሲቲው ከሁለቱም ኩባንያዎች ጋር ተቀምጠው ለተማሪና ለሥራ ፈላጊ ቅናሽ ፓኬጅ ይደራደሩ።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ በከባድ ፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይለጠፍ። ሶዶ፣ ቦዲቲና አረካ ላይም እንደ ድሮው በወረቀት ሰሌዳ ላይ ይውጣ። ይሄ ምንም በጀት አይፈልግም።

አራተኛ፣ ኢንተርኔት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይዘጋ በሕግ ይደንገግ። የመረጥናቸው የፓርላማ አባላት ይህን ይጠየቁ።

እኛ ደግሞ የድርሻችንን ዛሬ እንጀምር። ቀበሌህ ኔትወርክ ከሌላት፣ ወይ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ካወቅህ፣ የወረዳዋንና የቀበሌዋን ስም ከታች ጻፍ። ስድብ አንፈልግም፣ ብሔር መዝለፍም አንፈልግም፤ የቀበሌ ስም ነው የምንፈልገው። ዝርዝሩን አትመን ዞን ጽሕፈት ቤት እናስገባለን። ዳታ የሌለው ጓደኛ ካለህም ሄደህ ጠይቀውና ለሱም ጻፍለት።